የእመት ሎጋ ስቅታ

ተረት ልነግራችሁ ነው። የሚቀበለኝ ካለ ይቀበለኝ፤ ከሌለም ራሴ ጠርቼ ራሴ እየተቀበልሁ እወጣዋለሁ። ጆሮ እንጂ አፍ አልለመንኋችሁም።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚናገሩበት ዘመን፣ በቆላ አገር ግራር በር የሚባል ጫካ ነበረ። በአንድ ወገን ወንዝ፣ በሌላው ወገን የድንጋይ ጉብታ፣ በመሀሉ ደግሞ የሸንጎ ዋርካ ነበረው። ንጉሡ አያ አንበሶ ነበር። አርጅቶ ጥርሱ ቢነቃነቅም፣ ሲያዛጋ እንኳ ሁሉም እጅ ይነሣው ነበር።

ያ ጫካ የሚኮራበት አንድ ሕግ ነበረው። ሕጉ ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ ስማ፣ አሰማ፣ ተነሥ። አንዱ ተቸግሮ ኡኡ ያለ እንደሆነ፣ የሰማው ቃሉን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለቀጣዩ ያሰማል። አሰምቶም ሲያበቃ ከተኛበት ተነሥቶ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። ጥሪው ከዛፍ ዛፍ እየተቀባበለ ሲሄድ ከኋላው እግር ይከተለው ነበር። በዚህ ሕግ ስንቱ ጥጃ ከአዞ አፍ ወጥቷል፤ ስንቱ ግልገል ከገደል አፋፍ ተመልሷል።

ውሎ አድሮ ግን እንስሳቱን መጮኽ ሰለቻቸው። «ጉሮሯችን ነቃ» አሉ። በቀቀኖችም «እኛ ምን ሥራ አለን? የሰማነውን እንደ ሰማን ማሰማት ተፈጥሯችን ነው» ብለው ቅብብሉን ተረከቡ። እውነትም ሥራው ተቀላጠፈ። ጧት ወንዝ ዳር የተባለው ነገር ጤዛ ሳይረግፍ ጉብታው ላይ ይደርስ ጀመር። እንስሳቱም ከዛፍ ሥር ጋደም ብለው፣ ወደ ላይ አንጋጠው መስማት ለመዱ። ያስደሰታቸውን በቀቀን ጭራቸውን ይወዘውዙለታል። ጭራ የበዛለት በቀቀን ፍሬ የሞላበት ቅርንጫፍ ይሰጠዋል፤ ጭራ ያጣው እሾህ ላይ ያድራል። እንግዲህ ማን እሾህ ላይ ማደር ይወዳል? በቀቀን ሁሉ ከላይ ሆኖ የሚያየው የተቸገረውን መሆኑ ቀረና ጭራ ብቻ ሆነ።

ሦስተኛዋን ቃል ማንም አልሻራትም። ሸንጎ ተቀምጦ የተከራከረባትም የለም። እንዲሁ ከአፍ ወደቀች። ልጆች ሕጉን ሲያጠኑ «ስማ፣ አሰማ» ብለው ያቆማሉ፤ አስተማሪያቸውም «ጎበዝ» ይላቸዋል።

በዚህ ጫካ እመት ሎጋ የምትባል ቀጭኔ ትኖር ነበር። በዚያ ዘመን ቀጭኔ ድምፅ ነበራት። ነገር ግን ድምፅዋ ከሆዷ ተነሥቶ ያን ሁሉ አንገት እስኪወጣ ስለሚደክም፣ መሀል መንገድ ላይ ስቅ ይላት ነበር። በዚህ እያፈረች ብዙ አትናገርም። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ ስሙ መለሎ ነው። እሷ ስቅ ባላት ቁጥር «እማዬ፣ ማን አነሣሽ?» ይላታል። ስቅ ያለውን ሰው ሩቅ ያለ ወዳጁ ስሙን አንሥቶታል ይባላልና። እሷም «አንተ ነሃ! ሌላ ማን አለኝ?» ትለዋለች። ይኼ የሁለቱ ጨዋታ ነበር።

በበጋው መጨረሻ አንድ ቀን ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ተነሣ። አቧራው ሰማይና ምድሩን አንድ አደረገው። ነፋሱ ሲበርድ እመት ሎጋ ከጎኗ ብታይ መለሎ የለም። ግራሩን ዞረች፣ ወንዙን ወረደች፣ የአዞውን ሆድ ከሩቅ አየች፣ የለም። በመጨረሻ ከጫካው ሁሉ ከፍ ወደሚለው ወደ ድንጋዩ ጉብታ ወጣችና ባላት ኃይል ተጣራች።

«መለሎዬ! ወዲህ ና ልጄ! እናትህ ነኝ!»

ድምፅዋ ከሆዷ ሲነሣ ደህና ነበር። መሀል አንገት ሲደርስ ግን ያው ስቅታ ያዛት። «መለ... ስቅ! ... ሎዬ! ወዲህ... ስቅ! ... ና ልጄ!» ስቅታው አንገቷን ወደ ላይ ቢያስወነጭፈው ጭንቅላቷ ከግራሩ ቅርንጫፍ መሀል ገባ። ሲመለስም በቀንዶቿ ላይ የወፍ ጎጆ ደፍቶ ተመለሰ። ባለ ጎጆዋ ወፍ ከእንቁላሎቿ ጋር ውስጥ ነበረችና አንገቷን ብቅ አድርጋ «አንቺ ብሎ ጎረቤት!» እያለች ትሰድባት ጀመር። እመት ሎጋ ጎጆውንም ስድቡንም አላወቀችም። ልጅ የጠፋባት እናት ምን ታውቃለች? እንባዋ እየወረደ፣ ጎጆዋን እንደደፋች፣ ወደ አራቱም ማዕዘን «እናትህ... ስቅ! ... ነኝ!» እያለች ጮኸች።

ይህን ሁሉ አያ ለፍላፊ የሚባለው በቀቀን ከቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ሰማ፤ አየም። እውነቱን እንነጋገር፤ ሲነሣ ተንኮል አልነበረበትም። ጥሪ ሰማ፣ ሊያሰማ በረረ። መጀመሪያ የደረሰው ዝንጀሮዎቹ ጋ ነው። ሕጉ አትጨምር አትቀንስ ስለሚል ስቅታውንም፣ የአንገቱንም ውዝዋዜ ሳይቀንስ አሰማቸው። ዝንጀሮዎቹ እየተንከባለሉ ሳቁ። «ድገመው!» አሉት፤ ደገመው። «እስቲ እንደገና!» አሉት። አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ብቻ «ኧረ ምስኪን፣ ልጇ ጠፍቶባት እኮ ነው» አለ። ይህን ሲል ግን የእሱም ጭራ ይወዛወዝ ነበር።

አያ ለፍላፊ በዕድሜው ይህን ያህል ጭራ አይቶ አያውቅም። ወደሚቀጥለው ዛፍ ሲሄድ እንግዲህ ሕጉን ትንሽ ተወት አደረገው። ስቅታውን አበዛው፤ አሮጌ ጎጆም ፈልጎ አናቱ ላይ ደፋ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጁ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ ግራር በር ሌላ ቋንቋ አልነበረውም። ወንዝ ዳር የተገናኙ ሁሉ «እንዴት አደርህ» ማለቱን ትተው፣ አንዱ «መለሎዬ!» ሲል ሌላው «ስቅ!» ብሎ ይመልሳል። እመት ጦጢት ጭብጨባ ጨመረችበትና ዘፈን አደረገችው። ጉማሬ አንገት ሳይኖረው ሊወዘውዝ ሞክሮ ወንዙ ውስጥ ተገለበጠ፤ እሱ መገልበጡ ራሱ ሌላ ጨዋታ ወጣው። ኤሊ አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ እያወጣ እየመለሰ ስቅ ሲል ጎረምሶች ሁሉ ተከተሉት። ሰጎን ደግሞ «አንገት መወዝወዝ ከጥንትም የእኔ ነው፤ ከእኔ ነው የሰረቁት» እያለች ለሰማትም ላልሰማትም ታስረዳለች።

ከርከሮ የንግድ ሰው ነውና ጎጆ እየለቀመ ይሸጥ ጀመር። ጎጆ የሌለው እንስሳ ከጨዋታ ወጥቶ ታየ። ወፎቹ ማደሪያ አጥተው እንቁላላቸውን ሜዳ ላይ ጣሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ግን ቁጭ ብለው «ስቅ!» ይሉ ነበር። ርግብ ብቻ ተቆጣች። «በተቸገረ መሳቅ ነውር ነው! እንዲህ እያሉ መሳቅ ምን ይሉታል?» ትልና፣ ነውሩ ይታወቅ ዘንድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታዛንፍ ትደግመዋለች። የጭራ ብዛት ከታየ ከርግብ የሚበልጥ ጥቂት ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህን ሁሉ ያልሰማች እመት ሎጋ ብቻ ነበረች። ጉብታውን ወርዳ በዳር በዳሩ ስትፈልግ ሰነበተች። በመካከሉ ስቅ ይላታል። «አለ» ትላለች ለራሷ፤ «እያነሣኝ ነው።» በዚች ስቅታ ነበር እህል ውኃ የምትቀምሰው።

አንድ ቀን ወደ መሀል ጫካ ስትቃረብ የብዙ እንስሳ ድምፅ ሰማች። ጆሮዋን ብትሰጥ «መለሎዬ! ወዲህ ና ልጄ!» ይላሉ። ከዚህም ከዚያም፣ ከዛፍም ከሣርም ይጠራሉ። እመት ሎጋ ልቧ በደስታ ተሞላ። «ጫካው ሁሉ ወጥቶልኛል! ልጄን እየፈለጉልኝ ነው!» አለች። ሮጣ ሜዳው ላይ ስትደርስ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ ወገኖቼ! በልጆቻችሁ ይክፈላችሁ!» አለቻቸው።

ቀና ስትል ሁሉም ጎጆ ደፍተዋል።

«ራሷ ናት!» አለች እመት ጦጢት። «እናንተ! ራሷ መጣች!»

ግር ብለው ከበቧት። አንዱ ቅንድቧን፣ አንዱ ሰኮናዋን ይነካል። «እስቲ አንድ ጊዜ በዪልን! ከአፍሽ እንስማው!» አሉ።

«ልጄን ያያችሁ አላችሁ?» አለች እመት ሎጋ። «ስሙ መለሎ ነው። ግራ ጆሮው ላይ ነጭ ምልክት...» እዚህ ላይ ስቅ አላት።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ጎረምሳ ዝንጀሮ ግን ፊቱን አኮማትሮ ራሱን ነቀነቀ። «አይ እመቴ፣ እንደሱ አይደለም። ስቅታው ከ‹መለ› በኋላ ነው የሚመጣው። አንገትሽንም ወደ ግራ ነው ማድረግ ያለብሽ። እንዲህ...» ብሎ ያሳያት ጀመር። ሌሎቹም «እውነቱን ነው፤ አበላሸችው» ተባባሉ። ከመሀላቸው ወጥታ እያነባች ወደ ሸንጎው ዋርካ ሄደች።

አያ አንበሶ ስትመጣ ሲያያት ፊቱን ወደ ጎን መለሰ፤ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። ከጎኑ የሸንጎው አፈ ጉባኤ ቀበሮ ተቀምጧል። በወዲያ በኩል የአገር ሽማግሌው ዝሆን አለ።

«እመት ሎጋ» አለ አንበሳው ሲረጋጋ፣ «ያንቺን ስም ያልሰማ የለም። የእኔ ደቦሎች እንኳ ‹ስቅ› ሳይሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ከዚህ በላይ ምን ክብር ትፈልጊያለሽ?»

«ጌታዬ፣ ክብር አይደለም የጠፋብኝ። ልጄ ነው። ሕጋችን ምን ይላል?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕጉ ‹ስማ፣ አሰማ› ይላል። ሰምተናል፤ አሰምተናል። ከወንዝ ማዶ ሳይቀር ተሰምቷል። በግራር በር ያንቺን ያህል የተሰማ ጥሪ ኖሮ አያውቅም። ሸንጎው ሊመሰገን ይገባዋል።»

«ሦስተኛው ቃልስ?» አለች።

ዝሆን ዐይኑን ጨፍኖ ብዙ አሰበና «አዎ፣ ነበረች። ተነሥ ነው የምትለው» አለ።

«ተነሥ የሚለው ትርጓሜ ይፈልጋል» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «አንዳንዱ በእግር ነው ይላል፤ አንዳንዱ በልብ ነው ይላል። ሕዝቡ እንደሆነ በልቡ ተነሥቷል። ይኸው ጎጆ የደፋው ለፍቅሯ አይደለም እንዴ?»

ሁሉም «ደግ ተናገርህ» አሉት። ዝሆንም ቃሏን አስታወሳት እንጂ ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ጉልበቱን ያመው ነበር።

ከዚያ ሸንጎው መከረና ወሰነ። ጥሪው እንዲህ በየመንደሩ ተበታትኖ ከሚቀር ውድድር ይደረግ። ከሁሉ አስበልጦ «መለሎዬ» ያለው ይመረጥና ጉብታው ይሰጠው፤ በየምሽቱ እዚያ ላይ ሆኖ ይጥራ። እመት ሎጋ ደክማለች፣ ድምፅዋም ተሰባብሯልና ትረፍ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠራ ሰሚውን ያደናግራል።

እመት ሎጋ ይህን ስትሰማ ቅር አላት። ግን ደግሞ እንዲህ ብላ አሰበች፤ የእኔ ድምፅ መሀል አንገት ላይ ይቀራል፤ ምናልባት ጉልበት ያለው ቢጠራው ይሰማ ይሆናል። ልጄ ይምጣልኝ እንጂ ማንስ ቢጠራው ምናለ? ብላም እሺ አለች።

በውድድሩ ቀን ጫካው ነቅሎ ወጣ። ኤሊ አቀረበ፣ ሰጎን አቀረበች፣ እመት ጦጢት ከነጭብጨባዋ አቀረበች። ሳቁ ሲበርድ ከኋላ አንድ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከወንዝ ማዶ የሚኖረው አያ ጅቦ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኼኛው የሚያውቁት አገር ነው የመጣው፤ ሳይጠይቅ አነጠፉለት። «እሱም እንደኛ ይወደዋል!» ብለው ደስ አላቸው።

አያ ጅቦ ጎጆ አልደፋም። ዐይኑን ጨፍኖ ድምፁን ከሆዱ ቀስ አድርጎ አወጣው። «መለሎዬ... ወዲህ ና ልጄ... እናትህ ነኝ።» ስቅታው በቦታው ነበረ። ከስቅታው በኋላ የምትመጣው፣ «ልጄ» ስትል የምትለሰልሰው ድምፅም ነበረች። ይቺን ማንም አልቀዳትም ነበር። እመት ሎጋ ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄደች። የገዛ ድምፅዋ ጠርቷት ነበር።

ማንም አልሳቀም፤ የጭራ ውዝዋዜው ግን አቧራ አስነሣ። እመት ሎጋ ወደ መሀል ገባች።

«ቆዩ!» አለች። «እናንተ ያጠናችሁት ለሳቅ ነው። እሱ ሲጠራ ማን ሳቀ? ጅብ የእናት ድምፅ ምን ያደርግለታል? ጌታዬ፣ ይሄን አይስጡት!»

«ቅናት ነው!» አለች እመት ጦጢት። «ስለ በለጣት ነው!»

«ተዉአት፣ አትፍረዱባት» አለ አያ ጅቦ አንገቱን እንደደፋ። «እናት ናት። ልጁ እንዲገኝ ግን ከእኔ ይበልጥ የሚመኝ በዚህ ጫካ የለም።»

በዚህ ቃሉ ርግብ አለቀሰች። ጉብታው ለአያ ጅቦ ተሰጠ።

ከዚያ ወዲያ እመት ሎጋ ሳትጣራ በዝምታ ፈለገች። ምሽት ምሽት ድምፅዋ ከጉብታው ይመጣል፤ እሷ ግን ከታች እሾህ ለእሾህ ትሄዳለች። ስቅ ሲላት ትጽናናለች። አንድ ቀን ፀሐይ ልትገባ ስትል ወንዝ ዳር ኤሊን አገኘችው። ከራሱ የሚበልጥ ጎጆ ደፍቷል።

«እመት ሎጋ! ያንቺ ነገር እኮ ገና አልቀዘቀዘም!» አላት። «ዛሬ ቀትር ላይ እንኳ አንድ አዲስ ልጅ አየሁ። ሁላችንም እናቲቱን ስንሆን እሱ ልጁን ሆኖ መጣ። ብልህ ነው!»

«ልጁን ሆኖ?» አለች።

«እናቴን አያችኋት? ይላል። በሄድኩበት ሁሉ ትጠራኛለች፤ ስደርስ ግን ሌላ ነው ይላል። ያስቃል! እንባው ቁርጥ እውነተኛ ነው የሚመስለው። እግሩንም እንደተወጋ ሆኖ ያነክሳል። ጆሮው ላይ ሳይቀር ነጭ ምልክት አድርጓል። እዚህ ያለነው ሁሉ ጭራ ወዘወዝንለት። እኔ ግን ‹ለመለሎነት ትንሽ ከሳህ› ብዬ እቅጩን ነገርኩት።»

እመት ሎጋ ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ወዴት ሄደ?»

«‹ዋናውን መስማት ከፈለግህ ማታ ጉብታው ጋ ሂድ፤ ራሷን የሚያስንቅ አለ› አልሁት። አመስግኖኝ ሄደ። የተባረከ ልጅ ነው።»

እመት ሎጋ ሮጠች። ከጉብታው ድምፅዋ ይመጣል፤ «መለሎዬ... ወዲህ ና ልጄ...» ይላል። እየሮጠች ከሆዷ ያላትን ሁሉ አውጥታ ጮኸች።

«መለሎ! አትምጣ! እናትህ... ስቅ! ... እናትህ እኔ ነኝ!»

ሣሩ ውስጥ የተጋደሙት ቀና አሉ። «ሰማችሁ? አዲስ ጨመረችበት!» አሉ። ከዛፉ በቀቀን፣ ከሣሩ ጥንቸል፣ ከወንዙ ጉማሬ ተቀበሏት፦ «እናትህ እኔ ነኝ! ስቅ! እናትህ እኔ ነኝ!» ከሁሉም አቅጣጫ አንድ ሺህ እናት ተጣራች። የእሷ ድምፅ በመሀሉ ጠፋ።

ጉብታው ሥር ስትደርስ ስቅታዋ ቀጥ አለ። እንዲሁ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ቆመች። የሚያነሣት እንደሌለ አወቀች።

ወደ ላይ ስትወጣ አያ ጅቦ አፉን እየላሰ ነበር። ከእግሩ ሥር አቧራው ላይ አንዲት ነጭ ምልክት ያላት ጆሮ ወድቃለች።

ጫካው ተሰበሰበ። አያ አንበሶም መጣ፤ አይቶ ደነገጠ። «አንተ ምን አደረግህ?» ብሎ አገሣ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ አያ ጅቦ። «ሕጋችሁ ስማ ይላል፤ ሰማሁ። አሰማ ይላል፤ አሰማሁ። እናንተ ብትረሷትም ተነሥ ይላል። ሁላችሁም ተጋድማችሁ ጠራችሁት። ተነሥቼ የተቀበልሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህን ብሎ ወደ ወንዝ ማዶ አዘገመ። ያስቆመው የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዞር ሲል ሁሉም አፍ አወጣ። እመት ጦጢት «እኔ ድሮም አላማረኝም ነበር» አለች። ቀበሮ ነገሩ እንዲጣራ ሐሳብ አቀረበ። ከርከሮ ጎጆዎቹን በቀስታ ከጀርባው ደበቀ።

እመት ሎጋ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ጎንበስ ብላ የልጇን ጆሮ አሸተተች። ከዚያ ከሆዷ አንድ ለቅሶ ተነሣ። ያን ረጅም አንገት ይወጣ ጀመር። አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ አየቻቸው። በቀቀኖቹ ሁሉ ወርደው ከፊቷ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረዋል። አንገታቸውን አስግገው፣ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ከሁሉ ቀርቦ አያ ለፍላፊ አለ። ለጎረቤቱ «ዝም በል፤ ሁለተኛው ክፍል ሊጀመር ነው» ሲለው ሰማችው። ከታች ከሣሩ ውስጥም አንዲት ጭራ ገና ከአሁኑ ወዝወዝ አለች።

እመት ሎጋ አፏን ዘጋች። ሆድ ይፍጀው አለችና ለቅሶዋን ዋጠችው። ያንን ሁሉ አንገት ተመልሶ ወረደ፤ ዳግመኛም አልወጣም። ቀጭኔ ድምፅ የሌላት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ከሁሉ በላይ ታያለች፤ ምንም አትናገርም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከዋርካው ሥር የተጋደሙ ወጣቶች ዝሆንን «አባባ፣ ቀጭኔ ለምንድን ነው የማትናገረው?» ብለው ጠየቁት። ዝሆንም «ልጆቼ» አላቸው፤ «ኡኡታ ዘፈን በሆነበት አገር ደራሹ ጅብ ነው።»

ወጣቶቹ ደስ አላቸው። «እንዴት ያለ አባባል ነው! አባባ፣ ድገመው!» አሉት። በቀቀኖቹም ሰሙ። ጤዛ ሳይረግፍ ከወንዙ እስከ ጉብታው «ኡኡታ ዘፈን በሆነበት አገር» የማይል አፍ ጠፋ። እመት ጦጢት ጭብጨባ ጨመረችበት። ጭራው ሁሉ ተወዛወዘ።

በዚያች ሰዓት ከወንዙ ማዶ በደረቁ ሣር ላይ ጭስ ተነሥቶ ነበር፤ ነፋሱም ወደ ግራር በር ነው የሚነፍሰው። እመት ሎጋ ከላይ ሆና አየችው። የግራር ቅጠሏን አኘከች፤ ፊቷንም አዙራ በሌላው ወገን መንገዷን ሄደች።